ውሃ የማያቁር ሶፋ፦ በጅማ ከተማ ለአንድ ጓሮ የተሠራ የእንጨት መቀመጫ የጉዳይ ጥናት

መነሻው

ጅማ ውስጥ ከቤት ውጭ የተቀመጠ የእንጨት ዕቃ ሲበሰብስ ሁሉም ሰው ዝናቡን ይወቅሳል። ዝናቡ በእርግጥ ብዙ ነው። ከተማዋ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም፣ አንዳንድ ዓመትም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ያም ሆኖ በዚሁ ዝናብ ሥር ለዓመታት የቆመ የእንጨት አጥርና በር በየሰፈሩ አለ። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ አጥርቶ ያሳየኝ አንድ ቤተሰብ ለጓሮው ያሠራው ሶፋ ነው። የእንጨት ሥራ ስለማስተምርና የቤተሰቡ ጎረቤት ስለሆንኩ ሥራውን ከመጀመሪያው ተከታትዬዋለሁ። ሶፋው ካለቀ በኋላ «እንዴት አድርገው አሠሩት?» የሚል ሰው ስለበዛ በዝርዝር ልጽፈው ወሰንኩ። የሰዎቹን ስም አልጠቅስም።

ቤተሰቡና ጓሮው

ባለቤቶቹ ከአዌቱ ወንዝ ብዙ በማይርቅ ሰፈር የሚኖሩ ጡረተኛ ባልና ሚስት ናቸው። ሚስትየው መምህርት ነበሩ፤ ባለቤታቸው የከባድ መኪና ሹፌር። የባለቤታቸው እናትም አብረዋቸው ይኖራሉ፤ ሰማንያን ያለፉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው። ጓሮው ውስጥ አንድ ትልቅ አቮካዶ፣ ጥቂት የቡና ዛፎች፣ ጌሾና ዘይቱን አለ። ዘመድ ሲመጣ ቡና የሚፈላው እዚያ ነው። መምህርቷ የፈለጉት ቀላል ነገር ነበር፦ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወንበር ከሳሎን መሸከም እንዲቀርና እናትየው ከሰዓት በኋላ ውጭ አረፍ የሚሉበት ቦታ እንዲኖር።

ከዚያ በፊት አንድ ሶፋ ገዝተው ነበር። ተሠርቶ ያለቀ፣ ለሳሎን የታሰበ ዕቃ ነው። አጥንቱ ባሕር ዛፍ፣ የመቀመጫው ሥር ችፑድ፣ ማያያዣው ምስማር፣ ላዩ ደግሞ ደጋግሞ የተቀባ ቫርኒሽ። በሚያዝያ ጓሮ ገባ፤ ለመስቀል እንግዳ ሲመጣ የሚያስቀምጥ አልነበረም።

አሮጌው ሶፋ ሲፈታ

አዲሱን እንዲሠሩ የተጠሩት አናጢ ዕድሜያቸውን በሙሉ በርጩማና አልጋ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። መምህርቷ አሮጌውን ለማገዶ ሊያስፈልጡት ሲሉ አናጢው «እትዬ፣ ቆይ አያስፈልጡት፤ መጀመሪያ የት የት ጋ እንደሞተ እንየው» አሉ። ከጠቅላላው ሥራ ውስጥ ትልቁ ትምህርት የተገኘው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የተበላሸ ዕቃ ሲታይ ሰው ለመጣል ይቸኩላል። የተበላሸበትን ቦታ መመርመር ግን ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚቀጥለውን ስህተት ግን ያስቀራል።

ሲፈታ የታየው ይህ ነው። አራቱም እግሮች ከመሬት እስከ አራት ጣት ድረስ በስብሰዋል፤ መሮ ያለ መዶሻ ይገባባቸዋል። ከዚያ በላይ ያለው የእግር ክፍል ግን ጤነኛ ነበር፤ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ምስማሮቹ ዝገው ዙሪያቸውን አጥቁረዋል። ባሕር ዛፉ ሳይደርቅ ስለተሠራ ኋላ ሲደርቅ ተጣሞ ምስማሮቹን ጎትቷቸዋል፤ በተከፈተው ክፍተት ደግሞ ውሃ ገብቷል። ችፑዱ አብጦ ተፈርፍሯል። ቫርኒሹ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ፣ በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ከሥሩ ያለውን እንጨት አጥቁሮታል።

ከሁሉ በላይ የገረመን የጀርባው ነገር ነው። ቀጥ ብለው የቆሙት የጀርባ ጣውላዎች ከየትኛውም ክፍል የበለጠ ዝናብና ፀሐይ ያገኛቸው ነበሩ። ቫርኒሻቸው ተላጦ፣ መልካቸው አመድማ ሆኗል፤ እንጨታቸው ግን ምንም አልሆነም። ውሃው ይወርድላቸዋል፣ አየር በሁለት በኩል ያገኛቸዋል፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ቶሎ ይደርቃሉ። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ እርጥበት ካላገኘ አይሠራም፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች ከሆነ መብላት ያቆማል። ጠዋት ዝናብ መትቶት ከሰዓት በኋላ በፀሐይ የሚደርቅ እንጨት ላይ ፈንገሱ ጊዜ አያገኝም። አፈር የነካ እግር ግን ቀንም ሌሊትም እርጥብ ነው። የእንጨት ጫፍ ደግሞ ውሃ የሚጠጣበት አፉ ነው ማለት ይቻላል፤ ከጎኑ ይልቅ በጫፉ ብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይጠጣል።

አናጢው ይህን ካዩ በኋላ ስለ በርጩማ አነሱ። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ስለሆነ መገጣጠሚያ የለውም፤ ውሃ የሚደበቅበት ቦታ የለውም። «ሶፋ ግን ሁለመናው መገጣጠሚያ ነው» አሉ። ዕቅዱ ከዚህ ተነሣ። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ውሃ እንዲያስወጣ፣ እያንዳንዱ ጫፍ እንዲሸፈን፣ እያንዳንዱ እግር ከአፈር እንዲርቅ ተወሰነ። ቀለምና ውበት ከዚያ በኋላ ይታሰብበታል ተባለ።

እንጨቱ

አናጢው መጀመሪያ የጠሩት ዋንዛን ነው። ለመላግ ይመቻል፣ ከደረቀ በኋላ እምብዛም አይጣመምም፣ መልኩም ያምራል። ነገር ግን ዋንዛን እንደ ልብ መቁረጥ የተከለከለው ዛሬ አይደለም፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከሀበሻ ጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። አንድ ዘመድ ከገጠር በርካሽ ላስመጣላችሁ ብሎ ነበር። መምህርቷ «ወረቀት የሌለው እንጨት ግቢዬ አይገባም» ብለው መለሱት። ልክ ናቸው። ዋንዛ በጅማ ዙሪያ የቡና ጥላ ነው፤ ለአንድ ሶፋ ብሎ የገበሬን የቡና ጥላ ማስቆረጥ ለማንም አይበጅም።

የተመረጠው የፈረንጅ ጥድ ነው። በተተከለ ደን የሚበቅል በመሆኑ ከጣውላ ቤት በደረሰኝ ይገዛል። ጥንካሬው ከዋንዛ ባይስተካከልም አመራረጡ ከታወቀ ይሠራል። የግንዱ መሐል ማለትም ልቡ ቡናማ ሲሆን መበስበስን በመጠኑ ይቋቋማል፤ ዳር ዳሩ ያለው ነጣ ያለ ክፍል ግን በእርጥብ ቦታ አይቆይም። አናጢው ጣውላ ቤት ሄደው አንድ በአንድ እያገላበጡ መረጡ። ልብ ልቡን ለእግር፣ ለአግዳሚና ለመቀመጫ፤ ነጭ ያለበትን ለጀርባ መደቡ። ጀርባው ቶሎ የሚደርቅ ክፍል መሆኑን አሮጌው ሶፋ አስተምሮናልና።

ጣውላው ሲገዛ ገና እርጥብ ነበር። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ በቤቱ ጀርባ በጣሪያው ጠርዝ ሥር ተደረደረ፤ በየጣውላው መካከል ጣት የሚያህል ስንጥር ገብቶ አየር እንዲያልፍ ተደረገ፤ ላዩ ላይ ድንጋይ ተጫነ። መድረቁን ለማወቅ የተጠቀሙበት ዘዴ በጣም ወድጄዋለሁ። ባልየው ከአንዱ ጣውላ ቁራጭ ወስደው፣ በየሳምንቱ ቡና በሚመዘንበት ሚዛን እየመዘኑ ክብደቱን በእርሳስ እዚያው ቁራጩ ላይ ይጽፉ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቁጥሩ በፍጥነት ወረደ፤ ከዚያ አዘገመ፤ ጥር ላይ ሁለት ተከታታይ ሳምንት አንድ ዓይነት ሆነ። እንጨቱ ከአካባቢው አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ልኩ

ከመቆረጡ በፊት ብሎኬት ደርድረው፣ ላዩ ላይ ጣውላ አስቀምጠው ልኩን በሰው ሞከሩት። አናጢው በለመዱት በ40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ጀመሩ። እናትየው ቁጭ ብለው «ልጄ፣ ከዚህ ላይ ማን ሊያነሳኝ ነው?» አሉ። በስንጥር በስንጥር ከፍ እየተደረገ 46 ላይ ሲደርስ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው ብቻቸውን ተነሡ። የሶፋው ከፍታ 46 ሆነ። ጥልቀቱ 50 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ ከዚያ ቢጨመር አጭር ሰው ጀርባው ሳይደገፍ ይቀራል። ርዝመቱ ለሦስት ሰው 180 ነው፤ ለአንድ ሰው 60 ማለት ነው። የእጅ መደገፊያው ከመቀመጫው 22 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እስከ መቀመጫው ፊት ድረስ እንዲመጣ ተደረገ፤ ሰው ሲነሣ የሚገፋው እሱን ነውና ወደ ኋላ ቢያጥር ጥቅም የለውም።

ሥራው

እግሮቹ 7 በ 7 ሳንቲ ሜትር ናቸው። እያንዳንዱ እግር ላይ ደረጃ ተቆርጦ አግዳሚው እዚያ ላይ እንዲያርፍ ተደረገ። በዚህ አሠራር የተቀማጩን ክብደት እንጨት በእንጨት ይሸከመዋል፤ ብሎኑ የሚይዘው እንዳይለያይ ብቻ ነው። አሮጌው ሶፋ ላይ ክብደቱን የተሸከመው ምስማሩ ነበር። ብሎኑ፣ ዳዶውና ሮንዴላው ሁሉ ዝገት የሚከላከል የዚንክ ልባስ ያላቸው ናቸው። እንጨቱ ዝናብ ሲያገኘው ስለሚያብጥ፣ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ዳዶው መላላቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ሁሉም ዳዶ ቁልፍ በሚገባበት በኩል እንዲሆን ተደረገ። ምስማር ቢሆን ኖሮ ማጥበቅ የሚባል ነገር የለም።

መቀመጫው የተሠራው በርዝመቱ ከሚሄዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካላቸው ጣውላዎች ነው። በመካከላቸው የአንድ ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተተወ። ክፍተቱ ውሃ ያሳልፋል፣ አየር ያስገባል፣ ጣውላውም ሲያብጥ ቦታ ይሰጠዋል፤ እንጨት በርዝመቱ ብዙም አይለዋወጥም፣ በወርዱ ግን ይሰፋል ይጠባል። ለምቾት ሲባል መቀመጫው ወደ ኋላ 3 ሳንቲ ሜትር ዘንበል ብሏል። ዘንበል ካለ ውሃው ሁሉ ወደ ኋላ እንደሚሄድ ታስቦ የመጨረሻው ጣውላ ከጀርባው ጋር እንዳይነካካ ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ተተወለት። የእጅ መደገፊያው ወደ ውጭ በጥቂቱ ያዘነበለ ነው፤ ከሥሩም ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብሎ ቀጭን ቦይ ተቆርጦለታል። ውሃ ከእንጨት ሥር ተለጥፎ ወደ ውስጥ ይሄዳል፤ ቦዩ ላይ ሲደርስ ግን መሻገር አቅቶት ይንጠባጠባል። ትንሽ ነገር ናት፤ መገጣጠሚያውን ግን ደረቅ ታደርጋለች።

መሐል ላይ አንድ ድጋፍ ብቻ ስለነበር ሦስት ሰው ሲቀመጥ ጣውላው ረገበ። በ180 ሳንቲ ሜትር ላይ አንድ ድጋፍ ማለት ጣውላው 90 ሳንቲ ሜትር ባዶ ይሻገራል ማለት ነው፤ ለ2.5 ውፍረት ይበዛል። ሁለት ድጋፍ ተጨምሮ ባዶው ወደ 45 ሲወርድ መርገቡ ቆመ።

ቅባቱ ላይ የተፈጠረው ችግር

ቫርኒሽ እንዳይቀባ ቀድሞ ተወስኗል። ወደ እንጨቱ የሚገባ እንጂ ላዩን የሚሸፍን ቅባት አልተፈለገም፤ ሲያረጅ ሳይፋቅ ሳይላጥ በላዩ የሚደገም ማለት ነው። የተልባ ዘይት ይሁን ተባለ። መምህርቷ ከገበያ የተጨመቀ የተልባ ዘይት አመጡና አንዱ የእጅ መደገፊያ ተቀባ። ሳምንት አልፎም እጅ ላይ ይጣበቅ ነበር። ከዚያ ደመናማ ቀናት መጡና ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ አበቀለ፤ ሻጋታ ነው። ጥሬ የተልባ ዘይት ለመድረቅ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ እስኪደርቅ ድረስም ለሻጋታ ምግብ ነው። ለእንጨት የሚሆነው ማድረቂያ የተጨመረበት፣ ቀለም ቤት የሚሸጠው የተልባ ዘይት ነው። መደገፊያው በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) ታጥቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ እንደገና ተጀመረ። የመጀመሪያው እጅ ዘይቱ ከአኳራጅ ጋር እኩል በእኩል ተቀላቅሎ ጠልቆ እንዲገባ ተደረገ፤ ቀጥሎ ያሉት ወፈር ብለው ተቀቡ። ከእያንዳንዱ ቅብ በኋላ ሳይጠጣ የቀረው ዘይት በጨርቅ ተጠረገ። የተቆረጡ ጫፎች ሁሉ መጠጣት እስኪያቆሙ ድረስ ተቀቡ።

ስለ ጨርቁ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል። የጠረጉበት ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ላይ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ጨርቁ በራሱ እሳት ሊይዝ ይችላል። እንጨት ፍቅፋቂ ባለበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። ጨርቁ ተዘርግቶ ውጭ ይሰጣ፣ ወይም ውሃ ውስጥ ይነከር።

እግሮቹን የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንቀባቸው የሚል ሐሳብ ከረዳቱ ልጅ መጥቶ ነበር። ለአጥር ቋሚ የተለመደ ነው። እዚህ ግን ሰው በነጠላ የሚቀመጥበት ዕቃ ነው፣ ከሥሩም ጎመን ተተክሏል፤ ዘይቱ ጨርቅ ያበላሻል፣ አፈርም ይበክላል። ሐሳቡ ተቀባይነት አላገኘም።

የመጀመሪያው ክረምት

ሶፋው ከመጋቢት ዝናብ በፊት ጓሮ ገባ። ሦስት ነገር አልሠራም።

አንደኛው እግሩ ሥር የተመታው የመኪና ጎማ ቁራጭ ነው። የታሰበው ከአፈር እንዲለየው ነበር። ሰኔ ላይ ሲገለጥ በጎማውና በእንጨቱ መካከል ውሃ ተኝቶ ተገኘ፤ የእግሩ ጫፍ ጠቁሮ መላላት ጀምሯል። ጎማው ተነሥቶ፣ ጫፉ ደርቆና ዘይት ጠጥቶ፣ በእያንዳንዱ እግር መሐል ወፍራም ብሎን ተተከለ። ጭንቅላቱ ወደ ታች ሁለት ሳንቲ ሜትር ወጥቶ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቆማል። አሁን ከእግሩ ሥር አየር ያልፋል። ምስጥም ከአፈር ወደ እንጨት ለመውጣት የጭቃ መንገድ መሥራት ስላለበት በብሎኑ ላይ ሲወጣ በዓይን ይታያል፤ በመጥረጊያ ይፈርሳል።

ሁለተኛው የላስቲክ ልብስ ነው። ሐምሌ ላይ ሶፋው በላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ሲገለጥ ከውስጥ በኩል ላስቲኩ ላብ አውጥቶ ሶፋው ሻግቷል። ላስቲኩ ተነሣና ሶፋው ለዝናብ ክፍት ተተወ። ብዙ ጎረቤት «ኧረ ይበሰብስባችኋል!» ብሎ ነበር። አልበሰበሰም።

ሦስተኛው ቦታው ነው። አቮካዶው ሥር ጥላው ደስ ይላል፤ ነገር ግን ዝናቡ ካባራ በኋላም ቅጠሉ ለረጅም ሰዓት ያንጠባጥባል፣ ፀሐይ አያስገባም፣ ፍሬውም ሲበስል መቀመጫው ላይ እየወደቀ ይፈርጣል። ሶፋው የጠዋት ፀሐይ ወደሚያገኝበት ወደ ዘይቱኑ በኩል ተዛወረ።

ትራሶቹ ላይ ችግር አልገጠመም። ከመጀመሪያው የሚነሡ ተደርገው ስለተሠሩ ከቡና በኋላ ወደ ቤት ይገባሉ። ስፖንጅ አንዴ ውሃ ከጠጣ በክረምት አይደርቅም።

ጥቅምት ላይ አናጢው መጥተው ሁሉንም በመሮ ጫፍ ወጉት። መቀመጫው፣ አግዳሚውና መገጣጠሚያዎቹ ጠንካራ ነበሩ። ጥቂት ዳዶዎች ላልተው ጠበቁ። ከፊት ባለው አግዳሚ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ታይታለች፤ ልብ የነበረው እንጨት ውስጥ ጉጥ ባለበት ቦታ ላይ ናት። ዘይት ጠጥታ እየታየች ነው።

ለሌላ ግቢ የሚሆነው

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ ሥራ የሚወሰደው መጀመሪያ አጠያየቁ ነው። «የትኛው እንጨት ዝናብ ይችላል?» ብሎ መጀመር ወደ ውድና ወደ ተከለከለ እንጨት ይወስዳል። «ውሃው የት ይቆማል?» ብሎ መጀመር ግን በመካከለኛ እንጨትም ያሠራል። ለአግዳሚ ወንበር፣ ለዶሮ ቤት፣ ለበረንዳ ምሰሶም ያው ነው። ዝናብ ሲያባራ ወጥቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ እርጥብ የሆነውን ቦታ በጣት እየዳሰሱ ማየት በቂ ነው፤ መጀመሪያ የሚበሰብሰው እሱ ነው።

ገንዘብ ሲያንስ ከምን ላይ ይቀነስ ለሚለው፣ ከቅባቱና ከጀርባው እንጨት ላይ መቀነስ ይቻላል። ከብሎኑ፣ ከእግሩና ከማድረቂያው ጊዜ ላይ ግን መቀነስ አይገባም። እርጥብ እንጨት ተገዝቶ በማግስቱ ከተሠራ የቀረው ጥንቃቄ ሁሉ ከንቱ ነው። በጅማ አየር ለማድረቅ ምቹው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ስለሆነ ሶፋ የሚፈልግ ሰው እንጨቱን ጥቅምት መጨረሻ ላይ መግዛት ይኖርበታል። ልኩን ደግሞ ከመጽሐፍ ወይም ከልማድ ከመውሰድ በቤቱ ውስጥ ለመነሣት በጣም የሚቸገረውን ሰው አስቀምጦ መለካት ይሻላል፤ ለእሱ የተመቸ ለሌላው አይከብድም።

ዘይቱ በዓመት አንዴ፣ ዝናቡ አልፎ እንጨቱ ሁለት ሦስት ሳምንት ፀሐይ ካገኘ በኋላ ይደገማል። እርጥብ እንጨት ላይ ከተቀባ አይገባም። የዚያኑ ቀን ዳዶዎቹ ይጠብቃሉ፤ የብሎኖቹ ዙሪያ ለምስጥ የጭቃ መንገድ ይታያል፤ በጣውላዎቹ መካከል የተወሸቀ ቅጠል በስንጥር ይወጣል፤ ቅጠሉ ራሱ ውሃ ይይዛልና።